ስለ ማረጥ ዝም የሚባለው እስከ መቼ ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ማረጥ በሽታ ባይሆንም፣ ተረቱ በባልባላ ለሚኖሩ የሃምሳ ዓመት እናቶች በትክክል ይሠራል። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ከውስጥ የሚነሳውን ወላፈን «የጅቡቲ ፀሐይ ነው»፣ እንቅልፍ ማጣቱን «ሐሳብ ነው»፣ የሰው ስም መዘንጋቱን «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እንዲህ እየተባለም ሐኪም ሳያያት ዓመታት ያልፋሉ።

ለዚህ ሴቲቱ ብቻዋን አትወቀስም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ባካሄደቻቸው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች የተጠየቁት ሴቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው ናቸው። ሃምሳ የሞላት ከመዝገቡ ወጣች ማለት ነው። ለመሆኑ የሴት ጤና ከመውለድ ጋር አብሮ ያበቃልን?

«የሆርሞን መድኃኒት አእምሮን ያጠፋል» የሚለው ፍርሃት ምንጭ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ይፋ በሆነ ጥናት 4,532 ሴቶች ለሁለት ተከፍለው፣ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን ከወሰዱት 40፣ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 21 ሴቶች የመርሳት በሽታ ታይቶባቸዋል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ የተጠኑት ሁሉ 65 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ ነበሩ። በእነርሱ ላይ የታየውን ጉዳት፣ የወር አበባዋ ገና በተቋረጠ የ50 ዓመት ሴት ላይ መጫን ማስረጃውን ማጣመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የወጣ ሌላ ጥናት፣ ካረጡ ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን 693 ሴቶች እስከ አራት ዓመት ተከታትሎ፣ ሆርሞኑ አእምሯቸውን ሲጎዳም ሆነ ሲጠቅም አላገኘም።

ስለዚህ «አእምሮን ወጣት ያደርጋል» ብሎ የሚሸጠውም እንደሚያስፈራራው ሁሉ ተሳስቷል። የመድኃኒቱ ዋና ሥራ ወላፈኑንና የሌሊት ላቡን ማስታገስ፣ አጥንትንም ከመሳሳት መጠበቅ ነው። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት ወይም የስትሮክ ታሪክ ላላት ሴት ላይስማማ ስለሚችል፣ ያለ ሐኪም ምርመራ ከጎረቤት ተቀብሎ የሚዋጥ ክኒን አይደለም።

«እናቶቻቸው ያለ መድኃኒት አልፈውት የለምን?» የሚል አይጠፋም። እነዚያው እናቶች ያለ አዋላጅም ወልደዋል፤ ስንቶቹ በምጥ እንደቀሩ ግን የቀበራቸው ያውቃል። መቻል ስቃይን ተገቢ አያደርገውም።

በማረጥ ዘመን የሚመጣው መዘንጋት በአብዛኛው ቀላል ሲሆን፣ በብዙዎች ላይ ከጊዜ በኋላ ይሻሻላል። ለእርጅና ዘመን አእምሮ የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ያልታከመ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማት ችግርና የትምህርት ማነስ። እነዚህ የሚለኩ፣ የሚታከሙ፣ የሚስተካከሉ ናቸው። ማንበብ ያልተማረች እናት ዛሬ ፊደል ብትቆጥር ለክብሯም ለአእምሮዋም ይበጃል።

ጥያቄው እንግዲህ ከባድ አይደለም። ለግፊት ወይም ለስኳር የመጣችን የ45 ዓመት ሴት ነርሷ ስለ ወር አበባዋ፣ ስለ እንቅልፏና ስለ ሙቀቱ ትጠይቃት። አማርኛ ብቻ ለምትናገር ሴትም አስተርጓሚዋ ሴት ትሁን፤ በወንድ ልጇ አፍ ስለ ማረጥ እንድትናገር የተገደደች እናት ግማሹን ውጣው ትመለሳለችና።