መርከቧን ያዳኗት አድናቂዎች

በዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም፣ የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላንና ከጨረቃ ጉዞ የተመለሰው የአፖሎ 11 ካፕሱል በተቀመጡበት ሕንፃ፣ አንድም ቀን በርራ የማታውቅ መንኮራኩር ትታያለች። ርዝመቷ 3.4 ሜትር ገደማ ነው። አካሏ ከእንጨት፣ ከኮምፔርሳቶ፣ ከፕላስቲክና ከላሜራ የተገጣጠመ ነው። ስሟ ኢንተርፕራይዝ ይባላል። በ1964 ማብቂያ ላይ በካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ከተማ ስትሠራ የታሰበችው ለካሜራ ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንተርፕራይዝ «ስታር ትሬክ» በተሰኘው የአሜሪካ ሳይንሳዊ ልቦለድ ተከታታይ ድራማ ላይ ካፒቴን ከርክ፣ ሚስተር ስፖክና ባልደረቦቻቸው ጠፈርን የሚያስሱባት መርከብ ነች። የድራማው ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ ነው። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 በኤን ቢ ሲ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ በሦስት ሲዝን 79 ክፍሎች ከቀረቡ በኋላ በ1969 የተመልካቹ ቁጥር አነሰ ተብሎ ቆመ። በዚህ ሁኔታ የተቋረጠ ድራማ ዕጣ ፈንታው ይታወቃል። አልባሳቱ ለሌላ ቀረጻ ይሰጣል፣ መድረኩ ይፈርሳል፣ ዕቃው መጋዘን ይገባል ወይም ይጣላል። የስታር ትሬክ ዕቃዎችም ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የተረፉት ለምን ተረፉ ብሎ ለጠየቀ ግን መልሱ ከስቱዲዮው ይልቅ ከተመልካቹ ዘንድ ይገኛል።

የዚህ ዓምድ አቅራቢ እምነት እንዲህ ነው። የአድናቂ ፍቅር፣ በተለይ ለዕቃ ያለው ፍቅር፣ የትርፍ ጊዜ ቀልድ ተደርጎ መታየት የለበትም። ይህ ፍቅር በተግባር ዕውቀት ሆኖ አገልግሏል፤ ባለቤቶቹ የጣሉትን ያነሳው፣ ባለሙያዎቹም የረሱትን ያስታወሰው እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። ድራማው በሁለተኛው ሲዝን ሊቋረጥ ነው ሲባል ቢጆ ትሪምብልና ባለቤቷ ጆን አድናቂዎችን አስተባብረው ለቴሌቪዥን ጣቢያው ደብዳቤ እንዲጽፉ አደረጉ። የደረሰው ደብዳቤ በጣቢያው በራሱ ቆጠራ ከ100,000 በላይ ነበር። በጃንዋሪ 1968 የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ችቦ ይዘው በርባንክ ወደሚገኘው የኤን ቢ ሲ ቢሮ ሰልፍ ወጡ። በማርች ወር ጣቢያው ድራማው እንደሚቀጥል በአየር ላይ ለመናገር ተገደደ። ከተቋረጠ በኋላም ነገሩ አልበረደም። በ1972 ኒው ዮርክ ላይ የተጠራው የአድናቂዎች ጉባኤ ጥቂት መቶ ሰው ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ ከ3,000 በላይ ሰው መጣበት። በ1976 ደግሞ አድናቂዎች ለፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጽፈው፣ ናሳ «ኮንስቲትዩሽን» ሊላት ያሰበውን የመጀመሪያዋን የሙከራ የጠፈር መንኮራኩር «ኢንተርፕራይዝ» አሰኟት። ያቺ መንኮራኩር ዛሬ በኒው ዮርኩ ኢንትሬፒድ ሙዚየም ትገኛለች።

ደብዳቤ የጻፈ ሁሉ ግን ዕቃ ሰብሳቢ አልሆነም። ዕቃው ላይ ዓይኑን የተከለው አድናቂ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ድራማውን ደጋግሞ ያያል፤ ታሪኩን ሲጨርስ የተዋናዩ እጅ ላይ ያለውን ማየት ይጀምራል። ይህ ከምን ተሠራ? ማን ሠራው? ለምን በዚህኛው ክፍል ቀለሙ ተለየ? እያለ ይጠይቃል።

ጥያቄው የሚያደርሰው አንዳንዴ ወጥ ቤት ነው። መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው ክፍል «ዘ ማን ትራፕ» ይባላል፤ ታሪኩ የሰውን ሰውነት ጨው እየመጠጠ በሚገድል ፍጡር ዙሪያ ያጠነጥናል። ለቀረጻው ለየት ያለ ቅርጽ ያላቸው የጨው መነስነሻዎች ተገዝተው መጡ። ተመልካቹ ግን የጨው መነስነሻ መሆናቸውን አይለይም የሚል ስጋት ስለተነሳ በተራ መነስነሻ ተተኩ። የተገዙት አልተጣሉም፤ የመርከቧ ሐኪም ዶክተር ማኮይ በሕሙማን ሰውነት ላይ የሚያንቀሳቅሳቸው ረቂቅ የሕክምና መሣሪያዎች ሆኑ። ይህን የሚያውቅ ተመልካች ትዕይንቱን ሲያይ የሚሰማው ንቀት አይደለም። በጠባብ በጀት የወደፊቱን ዘመን ለማሳየት የታገሉ ሠራተኞች ብልሃት ይገባዋል፤ አክብሮቱም ይጨምራል።

ከእነዚህ ብልሃተኞች መካከል ዋ ቻንግ አንዱ ነው። በ1917 ሆኖሉሉ የተወለደው ይህ ሠዓሊና ቀራጺ በወጣትነቱ በፖሊዮ ተጠቅቶ የነበረ ሰው ነው። ትራይኮርደሩ በትከሻ የሚንጠለጠል መመርመሪያ፣ ኮሙኒኬተሩ ደግሞ የኪስ መገናኛ ነው፤ ሁለቱም የእጁ ሥራዎች ናቸው። ኮሙኒኬተሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው መዳፍ ላይ የሚያርፍ ጥቁር ሣጥን ነው። ባለ ቀዳዳ የብረት ክዳኑ በእጅ ንቅናቄ ብቻ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ሥሩ ጥቃቅን ቁልፎችና መስመር የበዛበት አንድ ክብ ይታያል። ለቅርብ ቀረጻ በተዘጋጁት ላይ ከክቡ ጀርባ የስቶፕዎች ሞተር ተገጥሟል። ሰዓቱ ሲሞላ መስመሮቹ እየተሽከረከሩ ዕቃው ሕይወት ያለው ይመስላል። ቻንግ የሠራተኛ ማኅበሩ አባል ስላልነበረ ስሙ በድራማው መጨረሻ ከሚወጡት ስሞች ጋር አልታየም። ዛሬ ስሙ በክብር የሚነሳው፣ በአብዛኛው፣ ዕቃዎቹን እየለኩና እያነጻጸሩ ሠሪውን ፈልገው ባገኙ አድናቂዎች ምክንያት ነው።

የአድናቂ ዕውቀት ለተቋም ምን ያህል እንደሚጠቅም ደግሞ የኢንተርፕራይዝ እድሳት አሳይቷል።

ፓራማውንት ስቱዲዮ ሞዴሏን ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየምን ለሚያስተዳድረው ለስሚዝሶኒያን ተቋም ያስረከበው በ1974 ነው። ከዚያ በኋላ ደጋግማ ታደሰች። የ1991ዱ እድሳት ብዙ አድናቂዎችን ቅር አሰኝቷል፤ በአካሏ ላይ የተሰመሩት መስመሮችና ጥላዎች በቴሌቪዥን ከምትታወቀው ኢንተርፕራይዝ ይልቅ ጎልተው ወጡ። ከ2000 ጀምሮም ለዓመታት በሙዚየሙ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ቆይታለች። በ2014 ሙዚየሙ ሞዴሏን ወደ ዋናው አዳራሽ ለማምጣት ወሰነና ጥናት ጀመረ። ባለሙያዎቹ ራጅ አነሷት፤ የቀለሙን ንብርብር መረመሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሕዝብ ጥሪ አቀረቡ። ከ1976 በፊት፣ ስትሠራ፣ ስትቀረጽ ወይም ለሕዝብ ስትታይ የተነሳ ፎቶ ወይም ፊልም ያለው ሁሉ እንዲያመጣ ጠየቁ።

ሞዴሏ በ1972 በካሊፎርኒያ ጎልደን ዌስት ኮሌጅ ለሕዝብ ታይታ ስለነበር፣ ያኔ ካሜራ ይዘው የመጡ አድናቂዎች ያነሷቸው ፎቶዎች ከአርባ ዓመት በላይ ቆይተው ማስረጃ ሆኑ። ከእድሳቶቹ በፊት ምን ትመስል እንደነበር የሚያሳይ ምስል ከየቤቱ ወጣ። በትልቁ ክብ አካሏ የላይኛው ገጽ ላይ የ1960ዎቹ ቀለም ሳይነካ ተርፎ ስለነበር ባለሙያዎቹ የቀረውን አካል ከእሱ ጋር አመሳስለው ቀቡ። ሙቀት የሚፈጥሩት የድሮ አምፖሎች በኤልኢዲ ተተኩ። በግራ በኩል ግን ጉድለቷን አልሸፈኑም። የመብራት ሽቦዎቹ የሚገቡት በዚያ በኩል ስለነበር ካሜራው በአብዛኛው የሚያየው ቀኝ ጎኗን ነበር፤ ስለዚህ ግራው እንደ ቀኙ አልተጠናቀቀም። ይህንንም እንዳለ መተው የእውነተኛ ጠባቂ ሥራ ነው። በ2016፣ ድራማው 50 ዓመት በሞላበት ዓመት፣ ለሕዝብ ተከፈተች። በዋሽንግተንና አካባቢው ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሙዚየሙ ቅርብ ነው፤ መግቢያውም ነፃ ነው። ልጆቹን ይዞ የሄደ ወላጅ ግራ ጎኗንም ዞሮ ቢያሳያቸው መልካም ነው።

ጋሊሊዮ የተባለችው ትንሿ መንኮራኩር ደግሞ ከዚህ የከፋ ዘመን አሳልፋለች። ተዋንያን የሚገቡባትና የሚወጡባት፣ ወደ 7 ሜትር የምትረዝም የእንጨትና የብረት ሥራ ነበረች። ድራማው ካበቃ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈች ለዓመታት ሜዳ ላይ ዝናብና ፀሐይ ተፈራረቁባት። በ2012 ኦሃዮ ውስጥ ለጨረታ ስትቀርብ የበሰበሰ እንጨትና የዛገ ብረት ሆና ነበር። ሁለት አድናቂዎች በ70,150 ዶላር ገዟትና ኒው ጀርሲ ወደሚገኝ የጀልባ ጥገና ወርክሾፕ ወሰዷት። የባሕር ጀልባ ማደስ የለመዱ አናጺዎች የጠፈር መንኮራኩር አደሱ። በጁላይ 2013 ማብቂያ ላይ በሂዩስተን የጠፈር ማዕከል ለሕዝብ ታየች። ሳሎናቸው ውስጥ ሊያስቀምጧት ባይችሉ እንኳ ሸጠው ሊያተርፉባት ይችሉ ነበር፤ እነሱ ግን ሁሉም ሰው በሚያያት ቦታ እንድትቀመጥ መረጡ።

ገንዘቡ ትንሽ አይደለምና ይህ ምርጫ ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም። በኦክቶበር 2006 ክሪስቲስ የተባለው ጨረታ ቤት በኒው ዮርክ ባካሄደው የሦስት ቀን ጨረታ ከ1,000 በላይ የስታር ትሬክ ዕቃዎች ቀርበው ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኙ። በኋላ በተሠራው «ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» የተባለ ድራማ ላይ ያገለገለው የኢንተርፕራይዝ ሞዴል ቢበዛ 35,000 ዶላር ያወጣል ተብሎ ሲገመት በ576,000 ዶላር ተሸጠ። የግል ሰብሳቢን በጅምላ መውቀስ ተገቢ አይሆንም፤ ብዙ ዕቃ ከቆሻሻ መጣያ የተረፈው በእነሱ ጓዳ ነው። ሆኖም ዋጋው በጨመረ ቁጥር ዕቃው ከዓይን ይርቃል። ዕቃውን ውድ ያደረገው የብዙ ሰው ፍቅር ከሆነ፣ ያ ብዙ ሰው ሊያየው ይገባል።

ዓይን ሲበዛ የጠፋም ይገኛል። ከትልቋ ኢንተርፕራይዝ በፊት የተሠራች፣ ሮደንቤሪ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣት የነበረች፣ አንድ ሜትር የማትሞላ ሞዴል ነበረች። በ1970ዎቹ መጨረሻ ለፊልም ሥራ በውሰት ሄዳ በዚያው ጠፋች። በ2023 በኢንተርኔት መገበያያው ኢቤይ ላይ በ1,000 ዶላር መነሻ ዋጋ ብቅ ስትል አድናቂዎች ወዲያውኑ ለዩዋት። ሽያጩ ተቋረጠ፤ ሞዴሏ ዳላስ ወደሚገኘው ሄሪቴጅ ጨረታ ቤት ተወስዳ ተመረመረች። በኤፕሪል 2024 ለሮደንቤሪ ልጅ ተመለሰች። ከአርባ ዓመት በላይ የጠፋን ዕቃ በፎቶ ብቻ ለመለየት ልምድም ፍቅርም ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ለኮምፔርሳቶ ነው ወይ? የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ቀይ ልብስ እዚያው ዋሽንግተን፣ በአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ይገኛል። የመርከቧን የመገናኛ ክፍል ኃላፊ፣ ሌተናንት ኡሁራን ሆና የተወነችው ኒሼል ኒኮልስ የለበሰችው ነው። ኒኮልስ ደጋግማ እንደተናገረችው፣ ከአንደኛው ሲዝን በኋላ ሥራውን ልትተው ስትል ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝተዋት አድናቂዋ መሆናቸውን ነግረዋት እንድትቀጥል አሳምነዋታል። ጥቁር ሴት በአገልጋይነት ሳይሆን በመኮንንነት የምትታይበት ወንበር ባዶ እንዳይቀር ፈልገው ነበር። ከ1977 ጀምሮ ደግሞ ናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን ለጠፈርተኛነት ሲመለምል ኒኮልስ በየቦታው እየዞረች ቀሰቀሰች። በልጅነታቸው ኡሁራን እያዩ ያደጉት ዶክተር ሜይ ጀሚሰን በ1992 ወደ ጠፈር የሄዱ የመጀመሪያዋ አፍሪካ አሜሪካዊት ሆኑ፤ በቀጣዩ ዓመት በ«ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» አንድ ክፍል ላይ ተወኑ።

የዋ ቻንግ ትራይኮርደርም ከቀረጻ ክፍሉ ወጥቷል። በ2012 የተከፈተው የትራይኮርደር ኤክስፕራይዝ ውድድር፣ ሰው ቤቱ ሆኖ በርካታ በሽታዎችን የሚለይበት በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ለሚሠሩ ሽልማት አዘጋጀ። በ2017 ቀዳሚ የሆነው በፔንስልቬንያው የድንገተኛ ክፍል ሐኪም በዶክተር ባዚል ሃሪስ የተመራው ቡድን ነው፤ 2.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸለመ። አንድ ቀራጺ ከፕላስቲክ የሠራው ዕቃ ለሐኪሞችና ለመሐንዲሶች የሥራ ግብ ሆነ ማለት ነው።

አሁን የሚያሳስበው መጪው ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የስታር ትሬክ መርከቦች በአብዛኛው የሚሠሩት በኮምፒዩተር ነው። ሜዳ ላይ የተጣለች ጋሊሊዮ ቢያንስ ዓይን ላይ ትወድቃለች፤ የሠራው ድርጅት ሲዘጋ፣ የተሠራበት ሶፍትዌርም ሲያረጅ ማንም ሳያስተውለው የሚጠፋን ፋይል ግን ማን ያነሳዋል? ስቱዲዮዎች ሥራው ገና ትኩስ ሳለ የእነዚህን ፋይሎች ቅጂ፣ ከሠሪዎቹ ስም ጋር፣ ለሕዝብ ሙዚየሞች ቢያስረክቡ ወጪው ከባድ አይሆንባቸውም። ሙዚየሞችም አድናቂዎችን ለምርቃቱ ቀን ብቻ ከመጥራት፣ ስሚዝሶኒያን በኢንተርፕራይዝ እድሳት እንዳደረገው፣ ሥራው ሲጀመር «ምን ታውቃላችሁ? ምንስ አላችሁ?» ብለው ሊጠይቋቸው ይገባል። የዛሬዎቹን መርከቦች የሠሩት አርቲስቶች አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፤ ዋ ቻንግን ያልጠየቁት ሰዎች ያመለጣቸውን ዕድል ስቱዲዮዎቹ አሁንም በእጃቸው ይዘዋል።