ዕንቁላሉ ለምን ፈነዳ?

ሰሞኑን በየመኝታ ክፍሉ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ የስልክ ቪዲዮ አለ። ማይክሮዌቭ ምድጃ ውስጥ ሹካ፣ ሳሙና፣ ዕንቁላል፣ የወይን ፍሬ እየተከተተ ምን እንደሚሆን ያሳያል። አይተን ስቀናል፤ መሳቁ አይከፋም። ቅር ያሰኘን ከሣቁ በኋላ የመጣው ነው። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ነገ ሳይንስ ለማስተማር ከሚዘጋጁት ሠልጣኞች አብዛኛዎቹ የሰጡት መልስ «ክልክል ነዋ!» የሚል ነበር።

ክልክል መሆኑማ ክልክል ነው። ታዲያ ምድጃው ራሱ ከምን ተሠራ? የውስጥ ግድግዳው ብረት ነው። በሩ ላይ የተዘረጋው ወንፊትም ብረት ነው። «ብረት አይግባ» የተባለ ልጅ ይህን አይቶ እጁን ቢያወጣ መምህሩ ምን ሊል ነው? ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰፊና ለስላሳ ብረት ሞገዱን እንደ መስተዋት ይመልሰዋል እንጂ አይንጣጣም። የሹካ ጥርስ፣ የተጨማደደ ፎይል፣ ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተቀባ ሲኒ ሲሆን ግን የኤሌክትሪኩ ኃይል በሹሉ ወይም በስሱ ቦታ ላይ ይከማችና አየሩን ሰንጥቆ ብልጭ ይላል። ሲኒው ሸክላ ነው ብሎ የሚተማመን ስንቱ ነው!

ዕንቁላሉም ምስጢር የለውም። የምድጃው ሞገድ በሰከንድ 2 ቢሊዮን 450 ሚሊዮን ጊዜ ይመላለሳል፤ የውሃ ሞለኪውሎችም አቅጣጫውን ለመከተል ሲወዛወዙ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ይሞቃሉ። ዕንቁላል ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ሲሆን መውጫ ያጣል፣ ቅርፊቱን ይበረቅሰዋል። አንዳንዴም ከምድጃው ወጥቶ ሲነከስ ነው የሚፈነዳው። በነገራችን ላይ «ማይክሮዌቭ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚያበስለው» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ሞገዱ ምግብ ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ የቀረውን ሙቀቱ ራሱ እየተላለፈ ያደርሰዋል።

ከሁሉም የሚያሰጋን ግን ማንም እንግዳ ነገር ብሎ የማያስበው ተራ ውሃ ነው። በንጹሕና ለስላሳ ብርጭቆ የተቀመጠ ውሃ ከመፍያ ነጥቡ አልፎም ሳይንተከተክ ጸጥ ሊል ይችላል። (የመፍያ ነጥቡም ቢሆን በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ነውና 100ን መሸምደድ ብቻ አያዋጣም።) ማንኪያ ወይም ስኳር ሲገባበት በአንድ ጊዜ ገንፍሎ እጅና ፊት ያቃጥላል። ይህ በ«ክልክል» ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ ምክንያቱን የተማረ ብቻ ነው የሚጠነቀቀው።

የወይን ፍሬው ነገር ደግሞ ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ትምህርት አለው። ሁለት ፍሬዎች ተነካክተው ሲገቡ በመካከላቸው ፕላዝማ የሚባል የሚያበራ ጋዝ ይፈልቃል። የተቆረጠው ፍሬ እንደ አንቴና ሆኖ፣ ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኘው ቅርፊት የኤሌክትሪክ ድልድይ ስለሚሆን ነው እየተባለ ለዓመታት ሲነገር ቆየ። ማብራሪያው ያምራል፤ ችግሩ ስሕተት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የካናዳ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ቅርፊት የሌለው፣ ውሃ የጠጣ የጄል ድቡልቡልም ያንኑ እንደሚያደርግ አሳዩ። 12 ሳንቲ ሜትር የነበረው ሞገድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል፤ ይህም የፍሬውን መጠን ያህል ነው። ስለዚህ ጉልበቱ ፍሬው ውስጥ ይታገድና በመነካኪያው ነጥብ ላይ ይከማቻል።

ለመሆኑ ምድጃው ራሱ እንዴት ተገኘ? በአሜሪካ ሬይተዮን በተባለው ኩባንያ የራዳር መሣሪያ ይሠራ የነበረው ፐርሲ ስፔንሰር፣ ትምህርቱን በልጅነቱ ያቋረጠ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ኪሱ ውስጥ የነበረው ጣፋጭ መቅለጡን አስተዋለ። ቀጥሎ የበቆሎ ፍሬ አምጥቶ ፈንዲሻ አደረገው። ከዚያ ዕንቁላል ሞከረ ይባላል፤ ፈነዳ።

እኛ ሹካና ወይን ወደ ክፍል ይምጣ አንልም፤ ምድጃ ያበላሻል፣ ቤት ሄዶ የሚሞክር ልጅ ያቃጥላል። ቸኮሌት ግን ይምጣ! የሚያሽከረክረው ሳህን ከቆመ ቸኮሌቱ እኩል አይቀልጥም፣ ነጥብ ነጥብ ብሎ ነው የሚቀልጠው። የጎረቤታሞቹ ነጥቦች ርቀት 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሞገዱ ግማሽ ማለት ነው። በሁለት አባዝተን፣ በምድጃው ድግግሞሽ ብናባዛው በሰከንድ 294 ሺህ ኪሎ ሜትር ይመጣል። የብርሃን ፍጥነት 300 ሺህ ገደማ አይደለምን? በማስመሪያና በቸኮሌት!

«የምንመደብበት ትምህርት ቤት መብራት እንኳ የለውም፤ ምን አደከመን?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ከእነዚያው ትምህርት ቤቶች ወጥተው ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ የሚሄዱ እኅቶቻችን ይህን ምድጃ የሚያገኙት በሄዱበት ቤት ነው። የውሃውን ጠባይ ነግሮ የሚሸኛቸው ከመምህር ሌላ ማን ነው? ለዚህ ደግሞ መብራት አያሻም፣ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል።

ስለዚህ የፊዚክስ መምህሮቻችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በመምህራን ክበብ ያለው ማይክሮዌቭ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይፈቀድልን። ቸኮሌቱን እኛው እናዋጣለን። ተቃውሞ ያለው በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን።