ምጣዱ ተወዶ ሠሪዋስ?

ገበያ ወርደን ምጣድ ስንመርጥ ኳ ኳ እናደርገዋለን፤ ድምፁ ጥርት ካላለ ስንጥቅ አለበት ብለን እንተዋለን። ቤት ስንገባ በተወቀጠ ጎመን ዘር እናሟሸዋለን፤ ቅባቱ የሸክላውን ቀዳዳ ሲደፍነው እንጀራው ሳይጣበቅ ይነሣል። እንደጋለ ቀዝቃዛ ውኃ አናስነካውም፣ ይሰነጠቃላ! ይህን ያህል እንሳሳለታለን።

ታዲያ ሠሪዋንስ? በደንቢያና በጎንደር ዙሪያ በሸክላ ሥራ ይታወቁ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች «ቡዳ» እየተባሉ ኖረው፣ ብዙዎቹ በ1977ና በ1983 ዓ.ም. ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄዱ። ስድቡ ግን አብሮ አልሄደም፤ ዛሬም ሸክላ ሠሪ ላይ ይለጠፋል።

ዕጩ መምህራን ሆይ! ነገ ክፍላችን ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ አጠገቧ የሚቀመጥ ብታጣ ምን ልናደርግ ነው? እኔ በበኩሌ ልጆቹን አሰባጥሬ አስቀምጣለሁ፤ ወላጅ ቢቆጣም ይቆጣ።