እንዶዱ የእኛ፣ ፓተንቱ የማን?

አድዋ ሲባል ጦርነቱ ትዝ ይለናል። ልክ ነው። ግን እዚያው አድዋ ሌላም ነገር ተገኝቷል፤ ስንቶቻችን እናውቃለን?

እ.ኤ.አ በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ ወንዝ ዳር ቆመው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ያያሉ። ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ቀንድ አውጣ ማለት ደግሞ ብልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ነው። እናቶቻችን እንደ ሳሙና ሲጠቀሙበት የኖሩት ፍሬ የበሽታውን መንገድ ይዘጋል ማለት ነው።

ከዚያስ? የሚያበሽቀው እዚህ ጋ ነው። አንድ ባዮሎጂስት ብቻውን የትም አይደርስም። ንጥረ ነገሩን የሚለይ ኬሚስት፣ መርዛማነቱን የሚፈትሽ ባለሙያ፣ ዝርያ የሚመርጥ የግብርና ሰው፣ ከገበሬው ጋር የሚያወራ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ያስፈልጋል፤ ሁሉም በአንድ በጀት፣ ለዓመታት። ዶ/ር ለገሰ ወልደዮሐንስ ከአክሊሉ ጋር ለፍተዋል። ለትልቁ ፍተሻ የሚበቃ ገንዘብ ግን አገር ውስጥ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት «ደረጃውን በጠበቀ ላብራቶሪ ይፈተሽ» አለ፤ በካናዳ ድጋፍ እስኪፈተሽ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። በ1989 ሁለቱም ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ። በ1990ዎቹ ደግሞ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚዘጉ ዛጎል ለበስ እንስሳትን እንደሚገድል ታወቀና ፓተንቱ አሜሪካ፣ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

«ተዘረፍን!» ማለት ይቀላል። አክሊሉ ራሳቸው በዚያ ሥራ ውስጥ ነበሩበት፤ ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው። ሙሉው እውነት ላብራቶሪውና ብሩ ያለው ደንቡን ያወጣል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ በ2007 የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አገሮች ከጠቅላላ ምርታቸው 1 በመቶ ለምርምር እንዲመድቡ ተስማሙ። እኛ ዛሬም ከዚያ በታች ነን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን እንተርታለን፤ በጀት ስንመድብ ግን ለየዲፓርትመንቱ አንድ አንድ ክር ነው። ኬሚስትሪው የባዮሎጂውን ደጅ ሳያውቅ ይመረቃል፣ የመመረቂያ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ጥያቄያችን ግልጽ ነው፦ ቢያንስ ሦስት የትምህርት ዘርፍና ሁለት ዩኒቨርሲቲ ካላጣመረ የማይሰጥ፣ አምስት ዓመት የሚቆይ፣ ወጣት ተመራማሪን የሚያካትት የአገር ውስጥ የምርምር ፈንድ ይቋቋም። የፓተንቱም ውል ብሩ ከመለቀቁ በፊት ይፈረም።

ካምፓስ ያላችሁ፣ ነገ ጠዋት የሌላ ዲፓርትመንት በር አንኳኩ። «ምን ላይ እየሠራችሁ ነው?» በሉ። ያገኛችሁትን እዚህ ጻፉልን።