ቁልፉ በማን እጅ ነው?

መስከረም ሊያልቅ ሰሞን ታላቅ እህቴ ከሮቤ ደወለችልኝ። ሰላምታውን ቶሎ ጨርሳ፣ «ድረ ገጻችን ጠፋ» አለችኝ።

«እንዴት ይጠፋል?»

«እኔ ምን አውቄ! ጀርመን አገር ያሉ ደንበኞቻችን አድራሻውን ሲከፍቱ የቁማር ማስታወቂያ መጣብን አሉ።»

እህቴ ሮቤ ውስጥ ስምንት ክፍል ያላት ፔንሲዮን አላት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ሦስት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች ቤት ገቢ ነው። እንግዶቿ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወይም ለማስመረቅ የሚመጡ ወላጆች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ለጉብኝት የሚመጡ ናቸው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ለማየት፣ ሳነቴ አምባ ላይ ለመውጣት የሚያስቡ ሰዎች ማረፊያቸውን አስቀድመው በኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ሶፍ ዑመር ዋሻን ለማየት የሚመጡትም እንዲሁ ናቸው። ዋሻው ከሮቤ በጎሮ በኩል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ ማታ የት እንደሚያድሩ ሳያውቁ አይነሱም። ስለዚህ ድረ ገጹ ለእህቴ ጌጥ አይደለም፤ እንግዳ የሚገባበት በር ነው።

ይህን በር የሠራላት ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነበር። ክፍያውን በአንድ ጊዜ ፈጸመች። ሥራው ሲያልቅ ያምር ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ የስልክ ቁጥሯን ለማስቀየር ብትደውል «ያ ልጅ ለቋል፣ ሌላ ሰው እንመድባለን» አሏት። ማንም አልተመደበም። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ የድረ ገጹ ስም፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ የዓመት ክፍያው አልፎበት ተለቀቀና ሌላ ሰው ወሰደው። ለካ ስሙ የተመዘገበው በድርጅቱ ኢሜይል ነበር። የማስጠንቀቂያ መልእክቱም የሄደው ወደዚያው ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ድርጅቱ ላይ መጫን አልፈልግም። እህቴ የፔንሲዮኗን የካርታ ዋና ቅጂ ለማንም አትሰጥም። የድረ ገጿን ግን በማን ስም እንደተመዘገበ እንኳ አልጠየቀችም። እኔም የተማርኩት ወንድሟ አልጠየቅሁላትም።

አዲስ ማሠራት ግድ ሲሆን የመጨረሻ ልጇ አንድ ሐሳብ አመጣ። ሮቤ ውስጥ በግሉ የሚሠራ፣ በፈረንጅ አፍ ፍሪላንሰር የሚባለው ዓይነት ወጣት አለ። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ነው፤ ለምን እሱን አንሞክርም? እህቴ አልወደደችውም።

«አንድ ሰው እኮ ነው» አለች። «ነገ ቢታመም ወይም አገር ጥሎ ቢሄድ ማንን እይዛለሁ? ድርጅት ቢሮ አለው፣ ማኅተም አለው።»

ፍርሃቷ እውነት አለው። ግን ያየነውም ሌላ ነገር አስተምሮናል። ድርጅት ውስጥም ቢሆን የአንዲት ትንሽ ፔንሲዮን ሥራ የሚያርፈው በአንድ ልጅ እጅ ላይ ነው። ያ ልጅ ሲለቅ ሥራውን የሚያውቅ አይኖርም። ደንበኛዋ ከሠሪው ጋር በቀጥታ አልተነጋገረችምና የምትፈልገው ለእሱ የሚደርሰው በሁለትና በሦስት ሰው አፍ ነው። የቢሮ ኪራዩና የአገናኙ ደመወዝም በዋጋው ውስጥ አለ። በእርግጥ ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም የብዙ ሰው መረጃ የሚይዝ ትልቅ ትምህርት ቤት በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ለእንዲህ ያለው ቡድን ያስፈልገዋል። አምስት ገጽ፣ ጥቂት ፎቶግራፍና የስልክ ቁጥር ለሚበቃው ቤት ግን አንድ የታመነ ባለሙያ ይበቃል።

የታመነ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ከዚህ በፊት የሠራቸውን ሦስት ድረ ገጾች እንዲያሳየን ጠየቅነው። ከዚያ ለባለቤቶቹ ደወልን። «ቆንጆ ነው ወይ?» ብለን አይደለም የጠየቅነው፤ «ሥራው ካለቀ በኋላ ስትደውሉለት ያነሳል?» ብለን ነው። ድረ ገጾቹንም በእህቴ አሮጌ ስልክ፣ ኔትወርኩ ደካማ በሆነ ሰዓት ከፈትናቸው። ኮምፒውተር ላይ የሚያምር፣ ስልክ ላይ ግን ፎቶው እስኪወርድ ቡና ተፈልቶ የሚጠጣበት ድረ ገጽ ለባሌ አይሆንም።

ቀጥሎ ወረቀት ላይ ተቀመጥን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ስንት ገጽ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ፤ ጽሑፉን ማን ያዘጋጃል፣ ፎቶውን ማን ያመጣል፣ መቼ ያልቃል፣ ስንት ጊዜ እርማት ይደረጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2610 ይህን ዓይነት ውል ያውቀዋል። አንደኛው ወገን በራሱ ኃላፊነት አንድ ውጤት ሊያስገኝ፣ ሌላው ዋጋውን ሊከፍል የሚገባበት ውል ነው። ቁም ነገሩ «ውጤት» የሚለው ቃል ላይ ነው፤ ውጤቱ ምን እንደሆነ ካልተጻፈ በምን እንጠያየቃለን? ክፍያውንም ለሦስት ከፈልነው፦ ሲጀምር፣ ስናየው፣ ሲያስረክብ።

ዋናው ነገር ቁልፉ ነው። ድረ ገጽ ሦስት ቁልፍ አለው፦ ስሙ፣ የተቀመጠበት ቦታ ማለትም ሆስቲንጉ፣ እና ውስጡን የሚያስተካክሉበት የይለፍ ቃል። ሦስቱም በእህቴ ኢሜይልና ስልክ ተመዘገቡ፤ በባለሙያውም በልጇም ስም አልሆነም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ምክንያት አለ። በብር በምንጠቀምበት የባንክ ካርድ ውጭ አገር ላለ ሻጭ መክፈል ስለሚያስቸግር፣ ባለሙያው በዘመድ ወይም በጓደኛ ካርድ ይከፍልልናል፤ ስሙም በዚያው በሌላ ሰው አድራሻ ተመዝግቦ ይቀራል። ሌላ ሰው ቢከፍልም የባለቤትነት አድራሻው የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ። በ.ኢቲ የሚያልቀውን የአገራችንን ዶሜይን ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም በብር ይሸጣል።

እህቴ የይለፍ ቃሎቹን በእጇ ጽፋ የንግድ ፈቃዷ ከሚቀመጥበት መሳቢያ ቆለፈችባቸው። የዓመቱን የክፍያ ቀን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር አከበበችው። የድረ ገጹን ቅጂም በፍላሽ ተቀበለች። መጨረሻ ላይ ወጣቱን «አንተ ብትቸገር ማንን ልጥራ?» አለችው። ሳይቀየም የአንድ የሙያ ጓደኛውን ቁጥር ሰጣት። እንዲህ ሲሆን ሰውየው ቢሄድም ቤቱ ክፍት ይሆናል።

ስለ እኛ ጥፋትም ልናገር። ፎቶዎቹን ለመስጠት ሦስት ሳምንት አዘገየነው። ከዚያ እህቴ «ይቺን ብቻ ጨምርልኝ የኔ ልጅ» ማለት ጀመረች። የማር ሽያጭ ገጽ፣ የመኪና ኪራይ ገጽ፣ የልጇ ሠርግ ፎቶ። አራተኛው ላይ ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፣ ይሄ እኮ በውላችን የለም» አላት። ከፋት። «እንደ ልጄ ባየው!» ብላ ማታ ደወለችልኝ።

«አንድ እንግዳ ለአንድ ክፍል ከፍሎ ሁለተኛውን በነፃ ቢጠይቅሽ ትሰጪዋለሽ?» አልኳት።

ዝም አለች። በማግስቱ የማሩን ገጽ ለብቻው ዋጋ አስነግራ ከፈለችው፤ የሠርጉን ፎቶ ተወችው። በግሉ የሚሠራ ሰው የወር ደመወዝ የለውም። ደንበኛ ሲያዘገየው የቤት ኪራዩ አይዘገይለትም። «ልጄ» ማለት ፍቅር ነው፤ ዋጋ መቀነሻ ሲሆን ግን ፍቅሩም ሥራውም ይበላሻል።

ጥር ላይ ወጣቱ አዲስ ፎቶ ሊያነሳ ወደ ሶፍ ዑመር ሲሄድ አብረነው ሄድን። ዋሻውን የወይብ ወንዝ ነው ሰንጥቆ የሠራው፤ ውስጥ ለውስጥ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ሼኽ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር የተጠለሉበት ነው ስለሚባል ለሙስሊሙ የተከበረ ስፍራ ነው። መንገዱን የሚያውቅ አንድ የአካባቢው ሰው ባትሪ ይዞ ከፊት ቀደመ። እህቴ ከቦርሳዋ የራሷን ባትሪ አወጣች።

«መሪ አለን እኮ!» አልኳት።

«ይምራኝ» አለች፤ «እኔም መብራቴን እይዛለሁ።»

ድረ ገጽ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ማታ ለሠሪያችሁ ደውሉና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ስሙ የተመዘገበው በማን ኢሜይል ነው?» መልሱ የእናንተ ካልሆነ፣ ሠሪው ድርጅትም ይሁን ግለሰብ፣ የዓመቱ ክፍያ ሳይደርስ አስቀይሩት።