ወደቡ ይቆይና፣ ጎተራው የት አለ?

«ባሕር የለን፤ የባሕር አውሎ ነፋስ ምን አገባን?» ትሉኛላችሁ። ኧረ በደንብ ያገባናል! ትክል ድንጋይ ላይ ባጃጁ የሚጠጣው ቤንዚን፣ ወፍጮው የሚያነደው ናፍጣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ ዶራሌ ተራግፎ፣ በቦቴ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ነው የሚመጣው። እዚያ አንድ ነገር ሲሆን እዚህ በሃይላንድ የሚቸረቸረው ዋጋው ይሰቀላል።

ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል መጥቶ ምዕራብ ሶማሌላንድን መታ። ጅቡቲ ከተማም በጎርፍ ተጥለቀለቀች። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ታሪክ ያን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ የብስ የረገጠ ሳይክሎን ተመዝግቦ አያውቅም ነበር። ዶራሌን ለጥቂት ነው የሳታት። ስንቶቻችን እናስታውሰዋለን?

አሁን ወሬው ሁሉ ወደብ ሆኗል። ወደብ ብናገኝ እኔም እልል እላለሁ። ግን ታኅሣሥ 2016 የመግባቢያ ሰነድ የተፈረመለት የሶማሌላንድ ጠረፍ እኮ ሳጋር ያረፈበት ጠረፍ ነው! ወደብ በር ነው እንጂ ጎተራ አይደለም።

አሜሪካኖችን እዩ። ነሐሴ 1997 ካትሪና፣ ወር ሳይሞላ ደግሞ ሪታ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ሲመቱ፣ ባሕር መሃል በብረት እግር ከቆሙት የነዳጅና ጋዝ ማውጫዎች ከ100 በላይ ወደሙ። ብዙ መቶ ቱቦዎች ተጎዱ። የባሕሩ ምርት ከሞላ ጎደል ቆመ። ሠራተኛው ግን ቀድሞ በሄሊኮፕተር ወጥቷል፤ ጉድጓዱም ከባሕሩ ወለል በታች ባለው ቫልቭ ተዘግቷል። ዋጋው አልናረም? ናረ እንጂ! ያኔ የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ አባል አገሮች ከመጠባበቂያቸው 60 ሚሊዮን በርሜል ለገበያ አወጡ። ነዳጅ ከውጭ የሚያስገባ አባል አገር ቢያንስ የ90 ቀን ክምችት እንዲይዝ ደንባቸው ያስገድዳል። (ጻድቃን ናቸው እያልኩ አይደለም። መስከረም 1997 ኢቫን የጣለው አንድ ማውጫ ከ14 ዓመት በላይ ዘይቱን ባሕር ውስጥ ሲያፈስ ኖሯል።)

የአርማጭሆ ገበሬ ክረምት ሳይገባ ጎተራውን ያያል። የነዳጅ ሹሞቻችንስ? ነገ ዶራሌ በማዕበል አንድ ወር ቢዘጋ፣ ጎንደር ስንት ቀን ትቆያለች? የምጠይቀው ቁጥሩን ነው፤ በአደባባይ ይነገረን። ማደያው ሲደርቅ «የነጋዴ አሻጥር ነው» የሚለውን መግለጫማ በቃሌ ይዤዋለሁ።