«ዌንት» ከየት መጣ?

«ሄደ» ለማለት እንግሊዝኛ «ጎ» ያለውን ግሥ በኃላፊ ጊዜ «ዌንት» ማለቱ ተማሪን ያስመርራል። ይህን እንደ ዝርክርክነት መቁጠር ግን አይዋጥልኝም። «ዌንት» መነሻው «አቀና» የሚል ትርጉም ያለው የ«ዌንድ» ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ጥንታዊው እንግሊዝኛ ለ«ጎ» «ኤኦዴ» የሚል ሌላ ኃላፊ ነበረው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ «ዌንት» ቦታውን ወረሰ፤ «ዌንድ»ም ባዶ እጁን አልቀረም፣ «ዌንድድ» ተበጀለት።

ሕፃናት በደንቡ መሠረት «ጎድ» ሲሉ ይሰማሉና መደበኛው መልክ ይሻላል የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ዳሩ ግን ሕፃኑ «ዌንት»ን ዕለት ዕለት እየሰማ ይለምደዋል። ለደንብ በቀላሉ እጅ የሚሰጡት አልፎ አልፎ የሚነገሩት ግሦች ናቸው። እኛም «መጣ»፣ «ይምጣ» እያልን ሰው ስንጠራ «ና» እንላለን እንጂ «ምጣ» አንልም።